መጋዘኑ ሞልቶ ኮምፒውተሩ ባዶ

ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ላይ ጥፋት ሲደርስ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ነካው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከጠላሁት ቆይቻለሁ፤ መልሱ ስለሚከብድ ሳይሆን ከመጠን በላይ ስለሚቀል። ሁልጊዜ የነካ ሰው አለ። አብዛኛውን ጊዜም ያ ሰው በዕድሜ ትንሹ፣ በደመወዝ ዝቅተኛው፣ በዕለቱ ደግሞ ብቻውን የነበረው ነው። ስሙ ሲታወቅ ሁሉም ተንፍሶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትዕዛዙን ወደማይገባው ሰርቨር የመራው ነገር ግን ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ቀጣዩን ሰው ይጠብቃል።

እኔ መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው፤ ትዕዛዙ አድራሻውን ከየት አገኘ? ይህ ጥያቄ ብዙ ያስቆፍራል። ኮምቦልቻ ላይ ያስቆፈረኝን ልንገራችሁ።

ደንበኛችን የግንባታ ዕቃ ያከፋፍላሉ፤ ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም። አገሩ ሁሉ «ሀጂ» ስለሚላቸው እኔም ሀጂ እላቸዋለሁ። መጋዘናቸው ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እኛ የምንሠራው ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ሲሆን የመጋዘኑን ፕሮግራም ከእኛ በፊት ከጻፈው ባለሙያ ተረክበን እንጠብቃለን። እርሱ የተሻለ ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። በቦታው ያለው የሀጂ ተቀጣሪ ተመርቆ ብዙም ያልቆየ ወጣት ነው፤ «እትዬ» ይለኛል፤ ተው ብለውም አልተወም።

በመጋዘኑ ቢሮ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንደኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠው እውነተኛው ሰርቨር ነው፤ ሽያጩ፣ ክምችቱ፣ የደንበኞች ዕዳ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው የሙከራ ኮምፒውተር ነው፤ አዲስ ነገር የሚሞከረው፣ የሚፈርሰውና የሚሠራው እዚያ ነው። ሁለቱም ላይ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት አለ፤ ሁለቱም ላይ ዳታቤዙን የሚይዘው ፖስትግሬስ አለ፤ ፕሮግራሙ በፓይዘን ቋንቋ፣ በጃንጎ ማዕቀፍ የተጻፈ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሚውል ቅዳሜ ከሀጂ ዘንድ የሚጭነው ቸርቻሪ ብዙ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፎ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ መጋዘኑ ሞልቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን ባዶ ነው ይላል። ይባስ ብሎ እኔንም አያውቀኝም።»

ሀጂ የተናገሩት ቃል በቃል ትክክል ነበር። የተሰረዘው የዕቃው ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚዎቹም ሠንጠረዥ ነበርና የይለፍ ቃላቸውን ሲያስገቡ ፕሮግራሙ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ይላቸው ነበር። በገዛ መጋዘናቸው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማዋ ግን ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጦሳ ጭጋግ ለብሶ፣ እኔም ካፖርት ለብሼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ጠመዝማዛው ሲያልቅ ካፖርቱ ክንዴ ላይ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሰው ይህን ለምዶታል፤ አለባበስ ለየትኛው ከተማ እንደሚመረጥ የሚያውቅ ግን እስካሁን አላየሁም።

ስደርስ ግቢው በሰውና በጋሪ ተሞልቷል። ገንዘብ ተቀባይዋ ኮምፒውተሯን ወደ ጎን ገፍታ ካርቦን ባለው ደረሰኝ በእጇ ትጽፋለች። ወጣቱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ እንደ አመድ ነበር። ሀጂ አልተቆጡትም። እኔ ስገባ የሰማኋቸው «አብሽር፣ ቆርቆሮው አልጠፋም» ሲሉት ነው። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ የጉዳት ግምገማ በዚያ ቀን ማንም አላቀረበም።

ያደረገውን ነገረኝ። ከአስመጪ አዲስ የዕቃ ዝርዝር መጥቷል፤ መጀመሪያ በሙከራው ኮምፒውተር ላይ ሊጭነው ፈለገ። ለዚህም የሙከራውን ዳታቤዝ ባዶ ማድረግ ነበረበት። ፕሮግራሙ የትኛውን ዳታቤዝ እንደሚጠቀም የሚጻፍበትን የማስተካከያ ፋይል ከፈተ፤ አየ፤ የሙከራው ነው። ኮምፒውተሩንም አየ፤ የሙከራው ነው። ከዚያ ሠንጠረዦችን ሁሉ ባዶ የሚያደርገውን የጃንጎ ትዕዛዝ ሰጠ። ጃንጎ ዝም ብሎ አያጠፋም፤ በትልልቅ ፊደላት የማይመለስ ጥፋት መሆኑን ያስጠነቅቅና «እርግጠኛ ነህ?» ይላል። ማስጠንቀቂያው የዳታቤዙን ስም ይጠቅሳል። ወጣቱ ስሙን አነበበ፤ ልክ ነው፤ «አዎ» ብሎ ጻፈ።

ልብ በሉ፤ ማስጠንቀቂያው የሚጠቅሰው የዳታቤዙን ስም ነው። የሰርቨሩን አድራሻ አይጠቅስም። የሀጂ ሁለት ዳታቤዞች ደግሞ ስማቸው አንድ ነው። ይህ ጥያቄ ወጣቱን ስንት ጊዜ ቢጠይቀው፣ ስንት ጊዜም በጥንቃቄ ቢያነበው መልሱ «አዎ» ነበር የሚሆነው።

የማስተካከያ ፋይሉን እኔም ከፈትኩ። የዳታቤዝ ስም አለ፤ የተጠቃሚ ስም አለ፤ የይለፍ ቃል አለ። የሰርቨር አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ምክንያቱ ሲታይ ብልሃት ያለበት ነው። በሙከራው ኮምፒውተር ላይ ዳታቤዙ እዚያው ላይ ነው፤ በእውነተኛውም ላይ እንዲሁ። አድራሻው ባዶ ሲሆን ፖስትግሬስ «እዚሁ ኮምፒውተር ላይ» ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ አንድ ፋይል ሳይቀየር ሁለቱም ላይ ይሠራል። የጻፈው ሰው ድካም ሊቀንስ አስቦ ነው፤ ለዚያውም ቀንሷል።

ነገር ግን «ባዶ ሲሆን እዚሁ» የሚለው ሕግ የመጨረሻው ሕግ ነው። ከእርሱ በፊት ሌላ ሕግ አለ። የፖስትግሬስ መገናኛ ቤተ መጻሕፍት፣ ሊብፒኪው፣ አድራሻውን ከፕሮግራሙ ካላገኘ «ፒጂሆስት» የሚባል ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ከፋይሉ ውጭ ለፕሮግራም የሚተላለፍ ስም ያለው ዋጋ፣ መኖሩን ያያል። ካለ እርሱን ይወስዳል። ወደብ (የመግቢያ በር ቁጥር) ካልተነገረው «ፒጂፖርት»ን፣ የዳታቤዝ ስም ካልተነገረው «ፒጂዳታቤዝ»ን፣ ተጠቃሚ ካልተነገረው «ፒጂዩዘር»ን። እነዚህም ከሌሉ ነው የራሱን ነባር ልማድ የሚከተለው፤ ወደብ 5432፣ እዚሁ ኮምፒውተር፣ የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ስም።

ክፋቱ ሁሉንም በአንድ ላይ አለመውሰዱ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ይሞላል። ስሙን ከፋይሉ፣ የይለፍ ቃሉን ከፋይሉ፣ አድራሻውን ከሌላ ቦታ ወስዶ አንድ ግንኙነት ይሠራል። «ለመሐመድ» ብቻ ተብሎ ከተማው ሳይጻፍበት ለሹፌር የተሰጠ ጆንያ አስቡ፤ ሹፌሩ ባለፈው የተነገረውን ከተማ ያስታውሳል፤ እዚያ ያወርደዋል፤ እዚያም መሐመድ አይጠፋም፤ ፈርሞ ይረከባል። ሀጂ ዘንድ ያ መሐመድ የተገኘው የሁለቱም ሰርቨሮች የይለፍ ቃል አንድ ስለነበረ ነው። ቢለያይ ኖሮ ትዕዛዙ በር ላይ ተመልሶ ወጣቱም እኔም ቅዳሜያችንን በሰላም እንውል ነበር።

ስለዚህ ፒጂሆስትን ፍለጋ ጀመርኩ። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ሲከፈት ከሚነበቡት ፋይሎች ጀመርኩ፤ ባሽአርሲ ውስጥ የለም። ፕሮፋይል ውስጥ የለም። ፕሮጀክቱ ማህደር ውስጥ ባሉ ፋይሎች ሁሉ ፈለግሁ፤ የለም። አዲስ ተርሚናል ከፍቼ ዳታቤዙን «አድራሻህ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ የሙከራው ነኝ አለ። ወጣቱ ይህን ሲያይ ግድግዳውን ይበልጥ ተጠጋ። ፋይሉ ትክክል፣ ኮምፒውተሩ ትክክል፣ ዳታቤዙም ትክክል ከሆነ፣ ሌላ ሰርቨር የነካው እርሱ ራሱ አውቆ ነው ማለት ይመስላልና። «ማን ነካው?» ባዮች እዚህ ላይ ቢሆኑ መዝገቡን ዘግተው ይነሡ ነበር።

«አንተ በሠራህበት ተርሚናል አሳየኝ» አልኩት።

«ይኸው እትዬ፣ ያው ነው።»

ያው አልነበረም። የእርሱ ቲሙክስ ውስጥ ነበር። ለማያውቀው፣ ቲሙክስ ተርሚናልን ከጀርባ ሕያው አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም ነው፤ መስመር ቢቋረጥ፣ መስኮቱ ቢዘጋ ሥራው አይቆምም። የዕቃ ዝርዝር መጫን ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ወጣቱ በዚያ ቀን አስቦበት ቲሙክስን መረጠ፤ ከዚያ በፊት በተራ ተርሚናል ይሠራ ነበር። እዚያው ውስጥ ሆኜ ያሉትን ቫሪያብሎች ሳስዘረዝር ፒጂሆስት ወጣ፤ ዋጋው በቁም ሣጥን ያለው የእውነተኛው ሰርቨር አድራሻ ነው።

በየትኛውም ፋይል ላይ ያልተጻፈ ነገር ከየት መጣ?

ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የሊኑክስ ቀደምት ከሆነው ከዩኒክስ 7ኛ ዕትም፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፤ ባሕርዩም ብዙ አልተለወጠም። አንድ ፕሮግራም ሲነሣ ካስነሣው ፕሮግራም የቫሪያብሎቹን ቅጂ ይወርሳል። ቅጂ ነው፤ ከዚያ በኋላ በወላጁ ዘንድም ሆነ በፋይሉ ላይ የሚደረግ ለውጥ አይደርሰውም። ቲሙክስ መጀመሪያ ሲነሣ የወረሰውን ይዞ ይቀመጣል፤ በውስጡ የሚከፈት አዲስ መስኮትም ከእርሱ ይወርሳል። በሊኑክስ ላይ «ፕሮክ» በሚባለው ማህደር ውስጥ ማንኛውም ፕሮግራም ሲነሣ የነበሩትን ቫሪያብሎች ማንበብ ይቻላል። የቲሙክሱን ስፈትሽ የተነሣበትን ጊዜም አየሁ፤ የቀድሞው ባለሙያ ገና እዚህ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ደወልኩለት። ሳይደብቅ ነገረኝ። ሪፖርት ለማውጣት ከሙከራው ኮምፒውተር ወደ እውነተኛው ሰርቨር በየጊዜው ይገባ ስለነበር አድራሻውን ሁልጊዜ ከመጻፍ ብሎ ባሽአርሲ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ሥራውን ሲለቅ ደግሞ ተጠንቅቆ አጠፋው። ፋይሉ መጨረሻ የተነካበት ቀንም ይህንኑ ይመሰክራል። ሰውየው ቤቱን ጠርጎ ነው የወጣው። የጠረገው ግን ዲስኩን ነው፤ በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ (ሚሞሪ) ውስጥ የሚሮጠውን ቲሙክስ አይደለም።

እንግዲህ ቲሙክስ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይሞታል። ኮምቦልቻ ደግሞ መብራት የማይጠፋባት ከተማ አይደለችም። በፊት ቢሆን ይህ አሮጌ ቫሪያብል በአንዱ የመብራት መቋረጥ ተጠርጎ በሄደ ነበር። ሀጂ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ በየጊዜው ከሥራ ስትቆም አይተው ለቢሮው ጥሩ ባትሪና ኢንቨርተር አስገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ጠፍተው አያውቁም። ይህን ስነግራቸው ሀጂ ጺማቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ባትሪውን ልመልሰው?» አሉኝ። የምራቸውን ይሁን ለቀልድ እስካሁን አልገባኝም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ያለው ትልቁ ሥራ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ነበር፤ እዚህ ላይ ነው እኔ በእውነት የፈራሁት። ባክአፑ በየሌሊቱ የሚወሰደው ከሙከራው ኮምፒውተር ሆኖ፣ ሥራን በተያዘለት ሰዓት በሚያስነሣው ፕሮግራም፣ በክሮን፣ ሰዓት ተይዞለት ነው። ክሮን ደግሞ ባሽአርሲን አያነብም፤ ቫሪያብሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ፒጂሆስት በውስጡ አይኖርም። የባክአፑ ጽሑፍ (ትዕዛዞቹ የተደረደሩበት ፋይል) በፒጂሆስት ተማምኖ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ በየሌሊቱ በትጋት ሲቀዳ የኖረው የሙከራውን ዳታቤዝ ነበር ማለት ነው። ያው ቫሪያብል ተርሚናሉ ውስጥ በመኖሩ ያጠፋውን፣ ክሮን ውስጥ ባለመኖሩ መመለሻ ያሳጣው ነበር። ጽሑፉን ስከፍት አድራሻው በግልጽ ተጽፏል። የቀድሞው ባለሙያ ክሮን ባሽአርሲን እንደማያነብ ያውቅ ነበርና። እዚያው ሆኜ ለሰውየው አመሰገንኩ፤ በስልክ ሳይሆን በልቤ።

ባክአፑን ቀጥታ ወደ እውነተኛው አልመለስኩትም። በሙከራው ኮምፒውተር ላይ በአዲስ ስም ዳታቤዝ ፈጥሬ መጀመሪያ እዚያ አራገፍኩት። የመመለሻው ፕሮግራምም፣ ዳታቤዝ ፈጣሪውም፣ ዳታቤዝ አጥፊውም ሁሉም በሊብፒኪው ስለሚሠሩ ያንኑ ፒጂሆስት ያነባሉ፤ ከዚያ ተርሚናል ሆኖ የሚጠግን ሰው ሲጠግን ደግሞ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትዕዛዝ ላይ አድራሻውን እየጻፍኩ ሠራሁ። ሀጂ ከደንበኞቻቸው የትልልቆቹን ዕዳ በቃላቸው ያውቁታል፤ ከተመለሰው ጋር አንድ በአንድ አስተያየን፤ ገጠመ። ከዚያ ነው ወደ እውነተኛው የወሰድኩት። ከሌሊቱ ባክአፕ እስከ ረፋዱ ድረስ የተሸጠውን ገንዘብ ተቀባይዋ ከደረሰኞቹ ቀሪ ላይ እያነበበች ወጣቱ መዘገበው። ካርቦን ወረቀት ያረጀ ቴክኖሎጂ ነው የሚሉ ሰዎች ሀጂ ዘንድ አንድ ቅዳሜ ቢውሉ ጥሩ ነው።

ወጣቱ ማታ ላይ «ተርሚናሉን ቀይ ቀለም ብንቀባው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር» አለኝ። ሐሳቡ የመጣው ከታወቀ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የጊትላብ (የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት) መሐንዲስ በሁለተኛው የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ላይ የመረጃ ማህደሩን ማጥፋት ጀመረ፤ ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ 4.5 ያህሉ ብቻ ቀርቶ ነበር። ባክአፖቹም ሳይሠሩ ተገኙ፤ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም የፖስትግሬስ 9.2 ዕትም፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 በመሆኑ ይከሽፍ ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በአጋጣሚ በእጁ የወሰደው የዲስክ ቅጂ ነው። ጊትላቦች ሁሉንም በይፋ ጻፉ፤ ጥገናውንም በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ፤ መሐንዲሱን አላባረሩም። ካቀዷቸው ማስተካከያዎች አንዱ የየሰርቨሩ ተርሚናል መለያ በግልጽ እንዲለያይ ማድረግ ነበር።

ለጊትላብ ልክ ነው። ለእኛ ግን ቀለሙ ምንም አይጠቅምም። የተርሚናል ቀለም የሚናገረው የተቀመጥክበትን ኮምፒውተር ነው፤ ወጣቱ ደግሞ የተቀመጠው የሙከራው ላይ ነበር። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ያረጋጋው ነበር። ትዕዛዝ ከተቀመጥክበት ይነሣል እንጂ እዚያ አይቀርም። የሚደርስበትን የሚያውቀው ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሰርቨር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው። ፖስትግሬስን የአድራሻህን ቁጥር ስጠኝ የሚል ጥያቄ አለ፤ ግንኙነቱ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ በሶኬት (ኔትወርክ በማይነካ የውስጥ መስመር) ከሆነ መልሱ ባዶ ነው፤ በኔትወርክ ከሆነ ቁጥር ይመጣል። ወጣቱ በዚያ ጠዋት ቢጠይቅ ባዶ መልስ በሚጠበቅበት ቦታ ቁጥር ያይ ነበር። ከፖስትግሬስ 9.5 ዕትም ወዲህ ደግሞ ለየሰርቨሩ የክላስተር ስም መስጠት ይቻላል። አሁን የሀጂ አንደኛው «እውነተኛ»፣ ሁለተኛው «ሙከራ» ይባላል፤ ስሙ የሚኖረው በሰርቨሩ በራሱ ፋይል ውስጥ ስለሆነ የማንም ተርሚናል ሊያሳስተው አይችልም።

የላኪው ወገን ሕግ፣ ማለትም አድራሻው ከየት እንደሚወሰድ፣ እንደየመሣሪያው ይለያያል፤ ሕጉን ከአንዱ ተምሮ ለሌላው መጠቀምም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ጃንጎን ትተን ፋይል አንብቦ ቫሪያብል የሚያደርገውን ዶትኤንቭን ብናይ፣ ቫሪያብሉ አስቀድሞ ካለ በነባሪው አይነካውም፤ ፋይሉ ላይ አዲሱ ተጽፎ እያየህ አሮጌው ይሠራል። በርካታ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ የሚያስነሣው ዶከር ኮምፖዝም ለመተኪያ ዋጋዎች ተርሚናሉን ከፋይሉ ያስቀድማል። ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤል፣ ግን ግልባጩ ነው፤ ቫሪያብሉ ከሁሉ ያንሳል፤ የማስተካከያ ፋይል ይበልጠዋል፤ በትዕዛዙ ላይ የተጻፈው ደግሞ ሁሉንም ይሽራል። ፖስትግሬስም ቢሆን የግንኙነት ዝርዝር የሚጻፍበትን የሰርቪስ ፋይል ከተጠቀሙበት ፋይሉ ቫሪያብሉን ይሽራል። ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደውን «ሱዶ» የሚለውን ቃል ከፊት ስትጨምር አብዛኛው ቫሪያብል ይራገፋል፤ ስለዚህ ያው ትዕዛዝ ከሱዶ ጋር ወደ አንዱ፣ ያለ ሱዶ ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። የሚያናድደኝ ግን የማይኤስኪውኤል «ሎካልሆስት» («ይኸው ኮምፒውተር» ማለት ነው) ነው። በሊኑክስ ላይ ሎካልሆስት ብለህ ወደብ 3307 ብትሰጠው ወደቡን ችላ ብሎ በሶኬት እዚያው ያለው ሰርቨር ዘንድ ይገባል፤ በ3307 በኩል ወደ ሌላ ሰርቨር መተላለፊያ (ዋሻ) ከፍቶ የጠበቀ ሰው ሳያውቀው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ ይውላል። 127.0.0.1 ብሎ በቁጥር ሲጽፍ ነው ወደቡ የሚከበርለት። ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው ቡና ጋብዤ ምን ነካህ እለው ነበር።

ለሀጂ ካደረግናቸው ማስተካከያዎች አድራሻውን በፋይሉ ላይ በግልጽ መጻፍ የመጀመሪያው ነው፤ እዚያው ኮምፒውተር ቢሆንም ይጻፋል። የይለፍ ቃሎቹን ለያየን። በየቀኑ የሚሠራበት ተጠቃሚ የሠንጠረዦቹ ባለቤት እንዳይሆን አደረግን። ጃንጎ ሠንጠረዥ ባዶ የሚያደርገው በፖስትግሬስ «ትራንኬት» ነው፤ ይህ መብት ረድፍ ከመሰረዝ መብት ተለይቶ የሚሰጥ ስለሆነ ለዕለት ሥራ የሚያስፈልገው የለም።

ከሁሉ የምወደው ግን በእውነተኛው ሰርቨር በር ላይ የተደረገው ነው። ፖስትግሬስ ማን ከየት ሆኖ በየትኛው ስም ወደየትኛው ዳታቤዝ እንደሚገባ የሚወስንበት «ኤችቢኤ» የሚባል ፋይል አለው። ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ የመጀመሪያው የገጠመ መስመር ይወስናል፤ ከዚያ በታች ያለው አይታይም። እዚያ ላይ ከሙከራው ኮምፒውተር በፕሮግራሙ ተጠቃሚ ስም የሚመጣ ሁሉ እንዲመለስ ጻፍን። ለሪፖርት ማንበብ ብቻ የሚችል ሌላ ተጠቃሚ ፈጠርን። ሌሎቹ ማስተካከያዎች ሁሉ ላኪው እንዲጠነቀቅ የሚጠይቁ ናቸው፤ ይህኛው ላኪው ምንም ያድርግ ምን ተቀባዩ እንዲያውቅ የሚያደርግ ነው። ሰው ይደክማል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ቸርቻሪ ሲጮህበት ይደነግጣል፤ በር ግን አይደክምም።

አሮጌውን ቲሙክስ ሆን ብዬ ሳልገድለው አቆይቼው ነበር። የበሩ መስመር ከገባ በኋላ ወጣቱን አስቀመጥኩትና ከዚያው ተርሚናል፣ በዚያው ፒጂሆስት፣ በዕለቱ የነበረውን ፋይል ቅጂ ይዞ ምንም የማያጠፋ አንድ ጥያቄ እንዲልክ አደረግሁት። ሰርቨሩ ግንኙነቱን እንደማይቀበል ገልጾ የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ የተጠቃሚውንና የዳታቤዙን ስም ጽፎ መለሰው። ደግሞ ላከ፤ ደግሞ መለሰው። ከዚያ ቲሙክሱን ራሱ ወጣቱ ገደለው።

የቀረን የዳታቤዙን ስም መለያየት ነው፤ ማስጠንቀቂያው «አዎ» ሲያስብል የሚለይ ነገር እንዲኖረው። የደረሰኝ ማተሚያው ፕሮግራም ስሙን በውስጡ ስለያዘ እርሱም አብሮ መነካት አለበት፤ ሀጂ ለጁምዓ ሲዘጉ ገብተን እንድንሠራው ተነጋግረናል። ገንዘብ ተቀባይዋ እስከዚያው አዲስ የካርቦን ጥራዝ አስገዝታለች።